ግራ ቀኝ

ክፍሌ ሄርማታ ናት፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፤
ሥራዬ ትርጉም ነው፦ የሰው ጠብ ተጭኖ፣ ባንድ ቋንቋ ሄዶ
በሌላው እንዲገባ።
ኦሮምኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ፣
አንገቴ ሲመላለስ ነው ቀኑ የሚመሽልኝ።
ባንድ ስክሪን ግን አንዱ ገጽ ሲመጣ ሌላው ይጋረዳል፤
ዓረፍተ ነገሩን ባፌ ይዤ ስሻገር፣ መሐል ላይ ይወድቃል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያስገመግም፣
ከኮቺ የመጣ ባጃጅ ደጃፌ ላይ ቢቆም፣
ረምዚያ ወረደች፣ ራሷ በስብሳ፣
የዝናብ ልብሷን ለስክሪን አልብሳ።
«አባዬ ነው የላከኝ፤ ቤት ተቀምጦ አቧራ ጠገበ» አለች፤
ሌላ ቃል አልጨመረች።

የተማም ልጅ ናት።
አሥራ አንድ ዓመት ከአባቷ ጋር ባንድ ጠረጴዛ ሠራን፤
ስንለያይ ሁሉን ቆጠርን፦
ማተሚያው ተሸጦ ገንዘቡ ለሁለት፣
ወንበር ለየራስ፣ ስክሪን ለየቤት፣
ስቴፕለሯ እንኳ ዕጣ ወጣባት።
የስንቱን ሰው ጠብ ተርጉመን ስናበቃ፣
ለኛ የሚሆን ጠፋ አንድ ቋንቋ።

ጎንበስ ብላ ኬብሉን ፈታች፤
ራሱ ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ብሎን፤ በጥፍሯ አጠበቀች።
ኮምፒውተሬ ሊኑክስ ነው፤ ዊንዶውሱን ቫይረስ በልቶት
አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ የጫነልኝ፣ ሁለት ሳምቡሳ ብቻ ዋጋ ሆኖት።
አዲሱ መጀመሪያ ጨለመ። ከዚያ «ሲግናል የለም»።
(ሲግናል ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ እሱማ አዲስ አይደለም።)
ከዚያ በራ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣
አንድ ክስ፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ስሕተት፣
እንደ ተጠና የሐሰት ምስክርነት።
«ይሄ መድገም ነው» አለች፣ «አንዱ ላንዱ ጥላ፤
ይዘርጋ እንበለው፣ የየራሱን ይብላ።»

ተዘረጋ።
የተማም ስክሪን በግራዬ ነው፤ ማውዙን ወደዚያ ብገፋ
ቀስቷ ጠርዙን መታች፤ መሻገሪያው ጠፋ።
ወደ ቀኝ ብነዳት፣ ከቀኝ ጠርዝ ወጥታ
በግራ ብቅ አለች፣ ዓለምን ዞራ መጥታ።
«ግራ ገባኝ» አልኳት።
«ግራው መች ገባና፣» ሳቀች፣ «ቀኝ ነኝ ብሎ ነው የቆመው፤
ማሽኑ ዓይን የለው፣ ጠረጴዛ አያውቅ፣ ማን ነግሮት ያስቀምጠው?
አዲስ የመጣን ሁሉ በቀኝ ያኖራል፣
እንግዳ ያከብራል።»

ቅንብሩን ከፈተች። አንድ፣ ሁለት የተባሉ ሣጥኖች፤
ሁለትን ጎትታ ከአንድ በስተግራ አኖረች።
«ዋናው የቱ ይሁን?»

ኧረ ይህቺ ጥያቄ!
በሰሌዳው ላይ የማን ስም ይቅደም፣ ቁልፉ በማን ኪስ ይደር፣
አሥራ አንድ ዓመት የበላን ነገር።
ጣቷ ማውዙ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።
«ዋና የግድ ነው?» «አንዱ ይሆናል፤
ሰዓቱ እዚያ ይቀመጣል እንጂ ሌላው በምንም አያንስም።»
«ሰዓቱ እሱ ጋ ይሁን» አልኩ። ዝናቡ በልጦኝ አልሰማችኝም።
ደገምኩት።

ቁመታቸው አልገጠመም፤ የእሱ አጠር ይላል፣
ቀስቷ ከላይ ጥጉ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር ይይዛታል።
«ላስተካክለው?» «ይቆይ፤ ይለመዳል።»

ከዚያ መብራት ጠፋ።
በጨለማው የአዌቱን ጩኸት ስንሰማ ስለ አባቷ እግር ነገረችኝ፤
ደረጃ አልወጣ ካለ ዓመት አልፎታል፤
የዐሥር ደቂቃው ኮቺ ያኔ ሩቅ መሰለኝ።

መብራት ሲመለስ ማሽኑ ሁሉን ረስቶ፣
ግራው እንደገና በቀኝ ገብቶ።
ረምዚያ አልከፋትም። ጥቁሩን መስኮት ከፈተች፣
በነቃ ቁጥር የሚያነባት አንዲት መስመር ጻፈች፦
ይህኛው፣ ከዚያኛው በስተግራ።

ዛሬ ዓርብ፣ የሁለት ወንድማማች ክስ ከቦዬ መጥቶ
ይኸው ከግራ ቀኝ ተዘረጋ፣ ስክሪኑን ሞልቶ፤
በተማም በኩል «ዳንጋ»፣ በእኔ በኩል «ድንበር»፤
ቀስቷ ትሻገራለች፣ ምንም እንዳልነበር።
ጥጉ ላይ ብቻ ትንሽ ትሰናከላለች።

ሰዓት ለማየት ወደ ግራ ዞርኩ።
አሥር ከሩብ ይላል።
ዝናቡ አባርቷል፤ ወደ ኮቺ አሁን ባጃጅ አይጠፋም።